የሚመጣው ኮምፒዩተር፤ ቅጥነት ወይስ ዕድሜ?

ሰው የዛሬውን ከመመርመር ይልቅ የነገውን ለመገመት የሚቸኩል ፍጡር ነው። ገበሬው ደመናውን አይቶ ዝናሙን ይተነብያል፤ ነጋዴው የመንገዱን ወሬ ሰምቶ የገበያውን ዋጋ ያሰላል፤ ተማሪውም የፈተናው ቀን ሳይደርስ የሚመጣውን ጥያቄ ከጓደኞቹ ጋር ይገምታል። ይህ ጠባይ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ግምት ማስረጃ ሲኖረው ጥበብ ይባላል፤ ማስረጃ ሲያጣ ግን ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በዘመናችን ይህን የመሰለ ግምት ከሚበዛባቸው ነገሮች አንዱ አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ማክቡክ ፕሮ የተሰኘው ላፕቶፕ ነው። አዲሱ ሞዴል ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ የሚቀጥለው ምን ሊመስል እንደሚችል መነጋገር ይጀመራል። ይቀጥን ይሆን? መስተዋቱ ይለወጥ ይሆን? መሰኪያዎቹስ ይቀነሱ ወይስ ይጨመሩ? እያሉ ወጣቶቻችን ሲከራከሩ እንሰማለን። የዛሬው ጽሑፌ ዓላማ ይህን ክርክር ለማቆም ሳይሆን፣ ክርክሩ በምን ሚዛን ቢመዘን እንደሚሻል አሳቤን ለመግለጽ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ነገሩ ለባለጸጋ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ለተማሪና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ጨዋታ አይደለም። በ2025 በኦክቶበር ወር የወጣው ባለ 14 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ በአሜሪካ ገበያ ዝቅተኛው ዋጋ 1,599 ዶላር ነበር። ይህም የመጓጓዣውና የቀረጡ ሒሳብ ሳይጨመርበት ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ለአንድ ዕቃ የሚያወጣ፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ወንድሙን ወይም እኅቱን የሚያስቸግር ወጣት፣ የሚገዛውን ነገር ጠባይ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። አንዱ «የሚቀጥለው ይሻላል» እያለ ሁለት ዓመት ሥራውን አሳድሮ ይቀመጣል። ሌላው ደግሞ አዲስ መልክ በወጣ ቁጥር ደኅነኛውን አሮጌ ዕቃውን በርካሽ እየሸጠ ወደ ዕዳ ይገባል። ሁለቱም የተሳሳቱት ሚዛን ስላጡ ነው።

ታዲያ ሚዛኑ ከወዴት ይገኛል? እንደ እኔ አስተያየት ሚዛኑ ያለው ካለፈው ታሪክ ነው። የኮምፒዩተር ቅርጽ በዘፈቀደ አይለወጥም። እያንዳንዱ ለውጥ አንድ ነገር ይሰጣል፤ አንድ ነገርም ይነሣል። የሰጠውን ኩባንያው ራሱ በማስታወቂያ ይነግረናል፤ የነሣውን ግን ፈልጎ ማግኘት የገዢው ፈንታ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ለዓይን የሚያምር፣ ለአጠቃቀምም የቀለለ ነበር። ነገር ግን ሣጥኑ ተራ ሰው እንዳይከፍተው ተደርጎ የተዘጋ ስለ ሆነ፣ ብሎኑን ለመፍታት ረዥም የሆነ ልዩ መፍቻ ያስፈልግ ነበር። ድምፅ እንዳያሰማ ተብሎም የማቀዝቀዣ ፋን አልተደረገለትም። እንግዲህ ዛሬ የምንከራከርባቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ሙቀትና መከፈት፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብረውት የተወለዱ ናቸው።

በ1998 አይማክ የተባለው ባለቀለም የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሲወጣ ደግሞ ፍሎፒ ዲስክ የሚገባበት ቀዳዳ ቀረ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አጉረመረመ። ጊዜው ሲያልፍ ግን ኩባንያው ትክክል እንደ ነበረ ታየ፤ ምክንያቱም ዩኤስቢ የተባለው አዲስ መሰኪያ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ገብቶ ነበር፤ የፍሎፒው ዘመንም እያለፈ ነበር። በ2012 ማክቡክ ፕሮ ሬቲና የተባለ እጅግ የጠራ መስተዋት ይዞ ሲወጣ የሲዲና የዲቪዲ ማጫወቻው ተወገደ። ይህም ቢሆን ሰው ፊልሙንና ፕሮግራሙን ከኢንተርኔትና ከፍላሽ መውሰድ ስለ ጀመረ ብዙ ጉዳት አላመጣም። ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የምንማረው ነገር አለ፤ አንድ ነገር ሲነሣ ምትኩ በሰው እጅ የገባ ወይም በመግባት ላይ ያለ ከሆነ ለውጡ ይጸናል።

ምትክ ሳይኖር የተነሣ ነገር ግን ምን እንደሚያስከትል የ2016ቱ ማክቡክ ፕሮ በሚገባ ያስረዳናል። ባለ 15 ኢንቹ ኮምፒዩተር ከ18 ሚሊ ሜትር ወደ 15.5 ሚሊ ሜትር ቀጠነ፤ ክብደቱም ከ2.04 ኪሎ ወደ 1.83 ኪሎ ወረደ። መልኩን ያየ ሁሉ አደነቀው። ነገር ግን ይህ ቅጥነት የተገኘው በነጻ አልነበረም። የባትሪው መጠን ከ99.5 ዋት ሰዓት ወደ 76 ዋት ሰዓት ዝቅ አለ። ፕሮጀክተር የሚያያዝበት ኤች ዲ ኤም አይ፣ የፎቶግራፍ ካሜራ ካርድ የሚገባበት ቀዳዳና ተራው ዩኤስቢ ሁሉ ተወግደው በአንድ ዓይነት ትንሽ መሰኪያ ተተኩ። ከላይኛው ረድፍ የነበሩት ቁልፎች ጠፍተው በጣት የሚነካ ቀጭን የመስተዋት ሰሌዳ ገባ። ኪቦርዱም በጣም አጭር ርቀት ብቻ የሚወርድ፣ «ቢራቢሮ» የተባለ ዓይነት ሆነ።

መምህሩ ወደ ክፍል ሲገባ ፕሮጀክተሩ አሮጌው ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራው ካርድ ይፈልጋል፤ የቢሮ ሠራተኛው በኪሱ የያዘው ፍላሽ ተራው ዓይነት ነው። ስለዚህ ባለ ብዙ ዋጋው ኮምፒዩተር በየሄደበት ከአዳፕተር ከረጢት ጋር የሚዞር ሆነ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የባሰው የኪቦርዱ ነገር ነበር። ጥቂት አቧራ በገባበት ጊዜ አንዱ ፊደል አልታተም ይላል፤ ሌላው ደግሞ አንድ ጊዜ ሲነኩት ሁለት ጊዜ ይጽፋል። አንዲት ቁልፍ ብትበላሽ ኪቦርዱ ከላይኛው አካልና ከባትሪው ጋር አንድ ላይ የተያያዘ ስለ ሆነ ለአንድ ፊደል ሲባል የዕቃው እኩሌታ መለወጥ ነበረበት። ኩባንያው በ2018 እነዚህን ኪቦርዶች በነጻ እንደሚጠግን አስታወቀ፤ በ2022ም በአሜሪካ የቀረበበትን የተጠቃሚዎች ክስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ቁልፍ ነው። በ2019 የወጣው ባለ 16 ኢንቹ ኮምፒዩተር ኪቦርዱን ወደ ቀድሞው ዓይነት መለሰ። በ2021 ደግሞ ኤች ዲ ኤም አዩም፣ የካርዱ ቀዳዳም፣ በማግኔት የሚያያዘው የቻርጀር መሰኪያም ተመለሱ፤ የሚነካው የመስተዋት ሰሌዳም ቀርቶ እውነተኞቹ ቁልፎች ቦታቸውን ያዙ። ባለ 16 ኢንቹ ውፍረቱ 16.8 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ2 ኪሎ በላይ ሆነ። ማለትም በሌላው ሁሉ መቅጠንን እንደ ዕድገት ሲቆጥር የነበረ ኩባንያ ወፍራምና ከባድ ዕቃ ሠርቶ አቀረበ፤ ገዢውም በደስታ ተቀበለው። ይህ የሆነው ሰዎች ስለ ተናገሩ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ተጠቃሚው ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ቢራቢሮው ኪቦርድ እስከ ዛሬ ባልቀረ ነበር።

የሙቀትንም ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። አፕል በ2013 ለከባድ ሥራ የሚሆነውን ማክ ፕሮ እንደ ጥቁር ቆርቆሮ ክብ አድርጎ ሠራው። ውበቱ አያጠያይቅም ነበር። ነገር ግን በውስጡ የነበረው የማቀዝቀዣ አሠራር ከዚያ በኋላ የመጡትን ኃይለኛ የሥዕል ቺፖች ሊሸከም ስላልቻለ ኮምፒዩተሩ ለዓመታት ሳይሻሻል ቆመ። በ2017 የኩባንያው ሹማምንት ራሳቸው በቅርጹ ምክንያት በሙቀት ረገድ መውጫ ወደሌለው ማእዘን እንደ ገቡ ለጋዜጠኞች ተናገሩ፤ በ2019ም ወደ አሮጌው ባለ ሣጥን ቅርጽ ተመለሱ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአበው ቃል ለመሐንዲስም የሚሠራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ቅርጹ አስቀድሞ ተወስኖ ሥራው በኋላ እንዲገባበት ሲደረግ፣ ሥራው ይታፈናል።

እንግዲህ እነዚህን ማስረጃዎች ይዘን ወደ ግምታችን እንሂድ።

አስቀድሞ የዓመታቱን ቁጥር እንመልከት። ማክቡክ ፕሮ በ2006 ተጀመረ፤ በ2008 ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም የተፈለፈለው መልክ መጣ፤ በ2012፣ በ2016ና በ2021 ደግሞ ዋና ዋና ለውጦች ተደረጉ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓመት ነው። በ2025 የወጣው ሞዴል ግን በውስጡ ኤም 5 የተባለውን አዲስ ቺፕ ሲይዝ ውጫዊ መልኩ የ2021ዱ ነበር። ስለዚህ የመልክ ለውጥ ተራው ደርሷል ማለት ከሒሳብ የራቀ አይደለም። ብሉምበርግ የተባለው የዜና ድርጅትም በ2025 ኩባንያው ኦሌድ የተባለ መስተዋት ያለውና በጣት የሚነካ ማክቡክ ፕሮ በማዘጋጀት ላይ መሆኑን ዘግቦ ነበር።

ኦሌድ ማለት እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን የምታወጣበት የመስተዋት ዓይነት ነው። ከበስተጀርባ የሚያበራ ሌላ መብራት ስለማያስፈልገው ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ይሆናል፤ መክደኛውም ሊቀጥን ይችላል። አፕል በ2024 ሁለት የኦሌድ ንጣፍ ደራርቦ የሠራው ባለ 13 ኢንች አይፓድ ፕሮ ውፍረቱ 5.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ጥበብ ከአይፓዱ ወደ ማክቡኩ ይሻገራል ብሎ መገመት ተገቢ ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተር ከስልክ የሚለይበት ነገር አለ። የቢሮ ሠራተኛ አንድ ሰነድ ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ይሠራበታል፤ ከላይ ያለው የትእዛዝ መስመርም ከቦታው አይንቀሳቀስም። የማይንቀሳቀስ ምስል በኦሌድ ላይ ለብዙ ጊዜ ሲቆይ ጥላው ሊቀር ስለሚችል፣ የመስተዋቱ ብርታት የሚመዘነው በሱቅ ውስጥ በሚያሳየው ቀለም ሳይሆን ከሦስት ዓመት የቢሮ ሥራ በኋላ በሚያሳየው ነው።

በጣት ስለ መንካቱ ነገር ደግሞ የኩባንያው መሥራች ስቲቭ ጆብስ በ2010 የቆመ መስተዋትን በጣት መንካት ክንድን እንደሚያደክም ተናግሮ አሳቡን ነቅፎት ነበር። በሌላ ወገን ግን የዊንዶውስ ላፕቶፖች በጣት መነካት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከልጅነቱ በስልክ ያደገው የዛሬ ተማሪም ማንኛውንም መስተዋት ሲያይ ጣቱን መዘርጋቱ አይቀርም። በእኔ ግምት ጣት ከመዳፊትና ከኪቦርድ ጋር ተጨማሪ መሣሪያ ሆኖ ቢገባ ይጸናል፤ እነርሱን ተክቶ ቢገባ ግን የ2016ቱ ሰሌዳ የደረሰበት ይደርስበታል። ምክንያቱም ያው ነው፤ ምትክ የሌለው ነገር ሲነሣ ሰው ይቃወማል።

ባትሪውንም በተመለከተ ግምታችን ገደብ አለው። ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ ይዞ በአውሮፕላን ለመጓዝ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለ 16 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ደግሞ ወደዚህ ወሰን ደርሷል። ስለዚህ የሚመጣው ላፕቶፕ ከዚህ የበለጠ ባትሪ ሊይዝ አይችልም፤ ረዘም ላለ ሰዓት እንዲሠራ ከተፈለገ ቺፑ የሚበላው ኃይል መቀነስ አለበት። እዚህ ላይ ኩባንያው በ2020 የራሱን ኤም 1 ቺፕ አውጥቶ ያደረገው ሥራ በእውነት የሚመሰገን ነው። ያን ቺፕ የያዘው ማክቡክ ኤር ፋን ሳይኖረው ለብዙ ሰዓት ይሠራ ነበር። ቅጥነት ሁልጊዜ የሚያጸይፍ አለመሆኑን ለፍትሕ ስንል መመስከር አለብን። ሙቀቱ አስቀድሞ ሲቀንስ የሚመጣ ቅጥነት በረከት ነው፤ ሙቀቱ ሳይቀንስ የሚመጣ ቅጥነት ግን መታፈን ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሊሆን ስለሚችለው ነገር ነው። ከዚህ ቀጥሎ ሊሆን ስለሚገባው እናገራለሁ፤ የጽሑፌም ዋና አሳብ ይህ ነው።

በክርክሩ ሁሉ ብዙ የሚነገርለት ውፍረቱ፣ ቀለሙና መስተዋቱ ሲሆን፣ ጥቂት የሚነገርለት ዕድሜው ነው። በቀድሞዎቹ ማክቡክ ፕሮዎች ባትሪውን ያለ አንዳች ባለሙያ በጣት ፈትቶ መለወጥ ይቻል ነበር። በ2009 ባትሪው ወደ ውስጥ ተዘጋ። በ2012 ሬቲናው ሲመጣ ባትሪው በማጣበቂያ ተለጠፈ፤ ሚሞሪውም ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበየደ። በ2016 ደግሞ የሚነካ ሰሌዳ ባላቸው ሞዴሎች ላይ ሰነዱ የሚቀመጥበት ማከማቻ ራሱ ተበየደ። ስለዚህ ዋናው ሰሌዳ የተቃጠለበት ሰው የሚያጣው ዕቃውን ብቻ አይደለም። ሌላ ቅጂ ያላስቀመጠ እንደ ሆነ የመመረቂያ ጽሑፉንና የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ጭምር ነው የሚያጣው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከአሜሪካው ይበልጣል። በእኛ ዘንድ ኮምፒዩተር አንድ ባለቤት ብቻ ኖሮት አይሞትም። ከአሜሪካ ወይም ከዐረብ አገር ዘመድ የላከው ላፕቶፕ ታላቅ ወንድም ዩኒቨርሲቲ ይማርበታል፤ እርሱ ሲመረቅ ለታናሽ እኅቱ ይተላለፋል፤ ከእርሷም በኋላ ገዢ አያጣም። ይህ ዕድሜ የሚቀጥለው በየከተማው ባሉት የጥገና ሱቆች ውስጥ ተቀምጠው፣ አጉሊ መነጽር በግንባራቸው አድርገው፣ ከሦስት የተበላሹ ዕቃዎች አንድ ደኅና ዕቃ በሚያወጡ ባለ ሙያዎች እጅ ነው። ሚሞሪው የሚነቀል በነበረበት ጊዜ አሮጌውን ኮምፒዩተር በጥቂት ብር ማበርታት ይቻል ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲበየድ ግን የባለ ሙያው ጥበብ ዋጋ ያጣል፤ ታናሽ እኅትም ድርሻዋን ታጣለች። ሁለት ሚሊ ሜትር ለማቅጠን ሲባል የአንድ ዕቃ ዕድሜ በእኩሌታ ቢቀንስ ትርፉ የማን ነው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ሳይበየድ ቀጭንና ፈጣን ማድረግ አይቻልም» የሚል መልስ ሊሰጠን ይችላል። በዚህ ውስጥ ከፊል እውነት አለ። ሚሞሪው ከቺፑ አጠገብ መሆኑ ፍጥነት ይጨምራል፤ ኃይልም ይቆጥባል። ይህን ጥቅም መካድ አይገባም። ነገር ግን ስለ ሚሞሪው የሚቀርበው ምክንያት ለባትሪው፣ ለኪቦርዱና ለማከማቻው አይሠራም። ፍሬምዎርክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ በአንድ መፍቻ ከፍቶ ባትሪውን፣ ኪቦርዱን፣ መስተዋቱንና ዋናውን ሰሌዳ ሳይቀር የሚለውጠውን ቀጭን ላፕቶፕ ሠርቶ ሸጧል። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ቃል «አልፈለግንም» ከሚለው ቃል ተለይቶ መታየት አለበት።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከተለዩ ጥቂት ዓይነቶች በቀር፣ በእጅ የሚያዙ ዕቃዎች ባትሪያቸው ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣውና ሊለውጠው የሚችል እንዲሆን ተወስኗል። አፕልም ቢሆን በ2022 የመለዋወጫ ዕቃና የጥገና መመሪያ ለተጠቃሚዎች መሸጥና መስጠት በአሜሪካ ጀምሯል፤ በ2024 ባወጣው አይፎን 16 ላይም ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲነካው የሚለቅ የባትሪ ማጣበቂያ ተጠቅሟል። ኩባንያው ለአውሮፓ አንድ፣ ለሌላው ዓለም ሌላ ላፕቶፕ መሥራቱ አድካሚ ስለ ሆነ፣ በብራስልስ የተወሰነው ደንብ ጥቅሙ አዲስ አበባ ድረስ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ስለሚመጣው ማክቡክ ወይም ስለ ሌላው ዓይነት ላፕቶፕ ስትገምቱ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ልትጠብቁትና ልትመኙት የሚገባው ለውጥ ይህ ነው፤ ባትሪው ያለ ጣጣ የሚለወጥ፣ ኪቦርዱ ለብቻው የሚነቀል፣ ሰነዱ የሚቀመጥበት ማከማቻ ከሞተው ሰሌዳ ተለይቶ የሚድን ይሁን።

አሁን ደግሞ በቀጥታ ለወጣቱ አንባቢ ጥቂት ምክር ልጨምር።

አንደኛ፤ ሥራህ ዛሬ ኮምፒዩተር የሚፈልግ ከሆነ ዛሬ ያለውን ግዛ እንጂ ያልተወለደውን አትጠብቅ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳለው ሰው አትሁን። ገና ያልወጣ ኮምፒዩተር ጥናትህን አይጽፍልህም፤ መሥሪያ ቤት የሰጠህንም ሪፖርት አያዘጋጅልህም።

ሁለተኛ፤ መልኩ ፈጽሞ የተለወጠ ዕቃ በወጣበት በመጀመሪያው ዓመት ለመግዛት አትቸኩል። ቢራቢሮው ኪቦርድ የሚያስከትለው ችግር ጎልቶ የታወቀው ዕቃው በሰዎች እጅ ቆይቶ አቧራ ከቀመሰ በኋላ ነው። ሌላው ሰው እስኪፈትነው መታገሥ ፍርሃት ሳይሆን ብልኅነት ነው። ደግሞም አዲሱ ሲወጣ የቀድሞው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ይወርዳል፤ የታገሠ ሰው በሁለት በኩል ይጠቀማል።

ሦስተኛ፤ ከመግዛትህ በፊት ሻጩን ስለ ፍጥነቱ ብቻ አትጠይቅ። ባትሪው ቢደክም የት ይለወጣል? ዋጋውስ ስንት ነው? ሚሞሪው በኋላ የሚጨመር ነው ወይስ ዛሬ መወሰን አለብኝ? መሥሪያ ቤቴ ካለው ፕሮጀክተር ጋር ያለ አዳፕተር ይያያዛል? ብለህ ጠይቅ። በተለይም ሚሞሪውና ማከማቻው የማይጨመሩ ከሆኑ፣ ለቀለሙና ለቅጥነቱ ልታወጣ ያሰብከውን ገንዘብ እነርሱን ለማብዛት አውለው።

አራተኛ፤ ምንም ዓይነት ኮምፒዩተር ቢኖርህ የጽሑፍህን ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥን አትርሳ። ዕቃ ይገዛል፤ የሁለት ዓመት ድካም ግን አይገዛም።

በየመሥሪያ ቤቱ በግዢ ሥራ ላይ የተመደባችሁ ወጣት ሠራተኞችም አንድ ትልቅ ኃይል በእጃችሁ እንዳለ አስተውሉ። የአንድ ተማሪ ጥያቄ በኩባንያ ጆሮ ላይገባ ይችላል፤ ብዙ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚገዛ መሥሪያ ቤት በጨረታው ሰነድ ላይ «ባትሪውና ማከማቻው በአገር ውስጥ ባለ ሙያ ሊለወጥ የሚችል ይሁን» ብሎ አንድ መስመር ቢጨምር ግን ሻጩ መስማቱ አይቀርም። ያች አንዲት መስመር በሕዝብ ገንዘብ የተገዛው ዕቃ በሦስተኛው ዓመት መጋዘን ውስጥ ከመከመር አድናው፣ ለተጨማሪ ዓመታት እንዲያገለግል ልታደርገው ትችላለች።

የሚመጣው ማክቡክ ቀጭን ቢሆን አንጠላም፤ መስተዋቱ ቢያምርም ደስ ይለናል። ነገር ግን ቅጥነት የሚደነቀው ዕቃው በሱቅ መስኮት ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ ባለቤቱ የሚፈልገው የሚጽፍ ኪቦርድ፣ የሚቆይ ባትሪና ሲበላሽ የሚከፈት ሣጥን ነው። የ2016ቱንና የ2021ዱን ታሪክ ያስተዋለ ሰው እንደሚረዳው፣ ኩባንያ ቅርጹን የሚያወጣው በገዢው ፍላጎት ተመርቶ ነው። እኛ ቅጥነትን ብቻ ከጠየቅን ቅጥነትን ብቻ ይሰጠናል፤ ዕድሜን ከጠየቅን ግን ዕድሜን ለመስጠት ይገደዳል።